ሜዳው ይኸው፤ ፈረሱስ?

ልጄ፣ የላክህልኝን የሽያጭ ወረቀት ሁለት ጊዜ አየሁት። መጀመሪያ መነጽሬን ሳላደርግ ነው፤ የታየኝ ሥዕሉ ብቻ ነበር። ሐረግ የወጣበት የጡብ ቤት፣ የሰዓት ማማ ያለው የጋጣ ግቢ፣ ከጀርባው ሽቅብ እስከ ሰማዩ ጠርዝ የሚደርስ ለምለም መስክ። እውነት እልሃለሁ፣ የኔንም ልብ ወሰደው። ቀጥሎ መነጽሬን አድርጌ ጽሑፉን አነበብኩ። 60 ጋጣ፣ የራሱ መጋለቢያ፣ ለሠራተኞች ሦስት ቤት፣ "ለትውልዶች ስመ ጥር የእሽቅድምድም ፈረሶች የሠለጠኑበት"። መነጽሬን አወለቅሁና እናትህ ዘንድ ደወልኩ። "ይኼ ልጅ ምን ነክቶት ነው?" አልኳት። "ጋሼ፣ አንተው ምከረው እንጂ፤ እኔንማ መቼ ሰምቶኝ ያውቃል" አለችኝ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። የኔ ድርሻ የፊተኛው ነው፤ የኋለኛውን ለጠላቴም አልመኝ።

ሽማግሌ ሁሉ በማያውቀው ገብቶ ይመክራል እንዳትለኝ፣ ስለ ፈረስ አፌን የሚያስከፍተኝን ልንገርህ። አያትህ ባልደራስ ግቢ ያደሩ ሰው ነበሩ። ባልደራስ ማለት የንጉሥ ፈረሶች አለቃ ማዕረግ ነው፤ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ሰፈሩን እንጂ ትርጉሙን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። አያትህ አለቃ አልነበሩም፤ ድርቆሽ ተሸካሚ፣ ፍግ ጠራጊ ነበሩ። ጃንሜዳ ላይ እሽቅድምድም በሚኖርበት ቀን ግን እጄን ይዘው ይወስዱኝና ሰው ሁሉ ፈረሱን ሲያይ እሳቸው ፈረሱን የያዘውን ልጅ ያዩ ነበር። "ፈረሱ የሚለውን እሱ ፊት ላይ ታነበዋለህ" ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ እንግሊዝ አገር መጥቼ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ እንዳወጣሁ የተቀጠርኩት ፈረስ የሚያመላልስ መኪና ላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ኒውማርኬትና ላምቦርን አካባቢ ያልገባሁበት የጋጣ ግቢ የለም። ባለቤቶቹና እንግዶቻቸው በዋናው በር ሲገቡ እኔ የምገባው በጓሮ ነበር። አንተ አሁን በሥዕል ያየኸው ዋናውን በር ነው።

ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው ይላል ያገራችን ሰው፣ እችላለሁ ባዩን ሲፈትን። ደላላውም እንደዚያ ያለህ መስሎሃል። ወረቀቱን ደግመህ አንብበው እስቲ፤ የሚሸጥልህ ሜዳው ብቻ ነው። በነዚያ 60 ጋጣዎች ውስጥ አንገታቸውን አውጥተው የሚታዩት ፈረሶች የግቢው ባለቤት ንብረት አይደሉም። አንዱ የአንድ ሐኪም ነው፣ አንዱ የባሕረ ሰላጤ ባለጸጋ ነው፣ አንዱ መጠጥ ቤት ተገናኝተው ገንዘብ ያዋጡ የሃያ ሰዎች ነው። እነዚህ ሰዎች ለአሠልጣኙ በቀን የሚታሰብ ሒሳብ ይከፍላሉ፤ አሠልጣኙ ሲለቅ ፈረሶቻቸውን ይዘው አብረውት ይሄዳሉ። እሱም ቢቆይ፣ አንድ ክረምት ካላሸነፉ በማግስቱ መኪና ይልካሉ። ያን መኪና ስነዳ ኖሬያለሁና ዕቃ መጫን ምን ያህል አጭር ጊዜ እንደሚወስድ አውቃለሁ።

የማሠልጠን ፈቃዱም ከግቢው ጋር አይሸጥም። የእንግሊዝን እሽቅድምድም የሚቆጣጠረው ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው ነው፤ ትምህርቱን ተምሮ፣ ልምዱን አሳይቶ፣ የገንዘብ አቅሙን አስመርምሮ፣ ግቢውን አስፈትሾ ለሚቀርብ ሰው። አንተ ግቢውን ገዝተህ ፈቃድ ያለው ሰው ካላገኘህ ያለህ ነገር በጣም ትልቅ የሣር ማጨጃ መኪና የሚፈልግ ቤት ነው። "ስመ ጥር ፈረሶች የሠለጠኑበት" ለሚለውም በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች። ያሸነፈው ፈረስ ሞቷል፤ ያሠለጠነው ሰው ወይ ሞቷል ወይ ሌላ ግቢ ነው ያለው። ዛሬ እዚያ ያለው አሠልጣኝ ተከራይ እንደሆነና በዓመቱ መጨረሻ እንደሚለቅ ወረቀቱ በአንዲት መስመር ነግሮህ አልፏል። ለምን እንደሚለቅ አልነገረህም። ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ይኸው ነው።

ገንዘብ ካለ ሁሉም ይገኛል ትለኝ ይሆናል። እስቲ የማንተንን ነገር ልንገርህ፤ ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ እቆጥርልሃለሁ። ማንተን ዊልትሺር ውስጥ፣ ማርልቦሮ ከተማ አጠገብ ያለ ትልቅ ርስት ነው፤ ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የእሽቅድምድም ፈረስ ይሠለጥንበታል። በ1980ዎቹ ሮበርት ሳንግስተር ገዛው። ሳንግስተር የእግር ኳስ ውርርድ ኩባንያ ወራሽ ነው፤ እንዳንተ ገና ጀማሪ አልነበረም፤ በብሪታንያ የዓመቱ ቀዳሚ የፈረስ ባለቤት አምስት ጊዜ ተብሏል። እንዲያሠለጥንለት ያመጣው ሰው ደግሞ ማይክል ዲኪንሰን ነው። ይህ ሰው በ1983 ቼልትናም ጎልድ ካፕ በሚባለው ትልቅ ውድድር ላይ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ የወጡትን ፈረሶች በሙሉ ያሠለጠነ ነው። አምስቱንም! በዚያ ውድድር እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልታየም። ገንዘቡ ይኸው፣ ሰውየው ይኸው፣ ሜዳው ይኸው። ጋጣው ታደሰ፣ መጋለቢያው እንደገና ተሠራ፣ ለዝግጅት ብቻ ብዙ ጊዜ ተወሰደ። በ1986 ሥራ ተጀመረ። የዓመቱ ድል አራት ብቻ ሆነ። ዓመቱ ሳያልቅ ዲኪንሰን ተሰናበተ።

ከዚህ ላይ ቆም በል፤ ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ጨርሶ "አየህ፣ ሰውየው አልቻለም" ይላል። ዲኪንሰን ወደ አሜሪካ ሄዶ ሜሪላንድ ውስጥ የራሱን ግቢ አቋቋመ። እግሩ ደካማ የነበረውን ዳ ሆስ የሚባል ፈረስ ይዞ የብሪደርስ ካፕን የማይል ውድድር በ1996 አሸነፈ፤ ፈረሱ ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል አንድ ጊዜ ብቻ ሮጦ በ1998 ደገመው። ሰውየው ስለ መሬት ሲያስብ የኖረ ነውና ከአሸዋ፣ ከሰምና ከጨርቅ ጭረት የተቀየጠ የመሮጫ ንጣፍ ሠራ፤ ታፔታ ይባላል። ዛሬ ኒውካስልና ዎልቨርሃምፕተን ላይ ፈረሶች የሚሮጡት በሱ ላይ ነው። ማንተንስ ምን ሆነ? በ1992 ፒተር ቻፕል-ሃያም የተባለ፣ በራሱ ፈቃድ ማሠልጠን ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱ የሆነ ወጣት፣ ከዚያው ግቢ በአንድ ዓመት ሁለት ትልልቅ ውድድሮች አሸነፈ፤ ሮድሪጎ ዴ ትሪያኖ በሁለት ሺህ ጊኒ፣ ዶክተር ዴቪየስ በደርቢ። ያው ሣር፣ ያው ዳገት። አንዱ አፈሰሰበት፣ ሌላው አፈሰበት። እንደኔ እንደኔ የመጀመሪያው ያለሰለሰውን መሬት ነው ኋለኛው ያጨደው፤ ግን ይህን ማስረዳት አልችልም፣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ያሰላሰልኩት ነው። አምስት ጊዜ ቀዳሚ የተባለ ባለቤትና አምስት ፈረስ ያሰለፈ አሠልጣኝ በመጀመሪያ ዓመታቸው አራት ድል ካገኙ፣ አንተ ከለንደን የጭነት መጋዘንህ ተነስተህ በመጀመሪያ ዓመትህ ስንት ታገኛለህ?

ሰው እንደ ቤቱ እንጂ እንደ ጎረቤቱ አይኖርም። እዚህ አገር በፈረስ ዓለም ጎረቤቶችህ ነገሥታትና አሚሮች ናቸው። ኒውማርኬት ላይ ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ ራሱ ጋልቦ በ1671 ዋንጫ ወስዷል ይባላል። (ንጉሥ ሲጋልብ ማን ደፍሮ ይቀድመዋል? አያትህ ይህን ሲሰሙ እስኪያስላቸው ይስቁ ነበር።) ያገራችን መኳንንት በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ፈረሱ ጦር ሜዳ ላይ የጌታው ስም ነበር። እዚህ ግን ፈረሱ የጌታው ወጪ ነው። እዚህ የማይከስር የለም፤ ልዩነቱ አንዳንዱ ኪሳራውን አለማየቱ ነው። አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም። አንተ ያለህ ያ መጋዘን ነው፤ የስንት ሰው እንጀራ የተጋገረበት መጋዘን።

ይህን ሁሉ ሰምተህ አሁንም ልየው ካልክ፣ ቤቱን ተወውና መሬቱን እይ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ቀን ነው። የላምቦርን ኮረብታ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ውሃውን ይውጠዋል፣ ስለዚህ ሣሩ ረግረግ አይሆንም፣ የፈረስ እግር አይሰምጥም። የፈረስ አሠልጣኞች እዚያ የሰፈሩት መልክዓ ምድሩ አምሮባቸው አይደለም። ያ ሣር ደግሞ የጓሮ ሣር አይደለም። ለመቶ ዓመታት ማረሻ ያልነካው፣ ሥሩ እንደ ምንጣፍ የተጠላለፈ ነው፤ አንዴ ከታረሰ አንተም ልጅህም አትመልሱትም። ኒውማርኬት ላይ ጆኪ ክለብ የሚባለው ጥንታዊ ማኅበር የሚያስተዳድረው የልምምድ መሬት ወደ 2,500 ኤከር ይጠጋል፤ በኛ ስፍር 25 ጋሻ ገደማ ማለት ነው። አሠልጣኞቹ በየወሩ በፈረስ ቁጥር እየከፈሉ በጋራ ይጋልቡበታል። የላምቦርንንም የጋራ መጋለቢያ ያው ማኅበር በ2006 ገዝቶታል። ስለዚህ ጠይቅ፤ ግቢው በጋራው ላይ የመጋለብ መብት አለው ወይ? የራሱ መጋለቢያ መኖሩ ኩራት ይመስልሃል፤ ግን በየቀኑ የሚያለሰልሰው ሰው፣ የሚጎትተው ትራክተር፣ በየጥቂት ዓመቱ የሚጨመርበት ንጣፍ ያንተ ዕዳ ነው። በጋራው ላይ ግን ሌላ ሰው ይጨነቅልሃል።

መስኩን በእግርህ ዙረው። በሐምሌና በነሐሴ ቢጫ አበባ ሞልቶት ካየህ አደይ መስሎህ ደስ እንዳይልህ። ራግወርት ይባላል፤ ሲደርቅና ከድርቆሽ ጋር ሲታጨድ መራራነቱ ይጠፋና ፈረስ ይበላዋል፣ ጉበቱን ቀስ እያለ ይጨርሰዋል። ሲካሞር የሚባለውንም ዛፍ ፈልግ፤ ዘሩ በመጸው እየተሽከረከረ መስኩ ላይ ይወርዳል፣ የበላው ፈረስ ጡንቻው ተፈትቶ በጥቂት ቀን ሊሞት ይችላል። ጋጣው ውስጥ ደግሞ ግባና ጎንበስ በል፤ አፍንጫህን ፈረሱ ተኝቶ በሚተነፍስበት ቁመት ላይ አድርግ። ዐይንህን ካቃጠለው የሽንቱ ትነት መውጫ የለውም። የእሽቅድምድም ፈረስ ሀብቱ ሳንባው ነው። ከመንገድ የሚታየው የሰዓት ማማ ለሳንባ አይረዳም።

ያየሁትን አንድ ግቢ ልንገርህ፤ ስሙን አልጠራም። በሌላ ሥራ የከበረ ሰው ገዛው፤ ጨዋ፣ እጁ የማይሰስት ሰው ነበር። እኔን እንኳ በጓሮ ስመጣ ሻይ ያስቀዳልኝ ነበር። ግቢው ውስጥ የነበረውን ሻካራ፣ ያረጀ ድንጋይ አስነስቶ የሚያብረቀርቅ ልስልስ ድንጋይ አስነጠፈ። የፈረስ ጫማ ብረት ነው፤ ዝናብ ያገኘው ልስልስ ድንጋይ ላይ ብረት ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅትህም። አንድ ሙሉ ክረምት ፈረሶቹ እየተንቀረፈፉ ይሄዱ ነበር። አሠልጣኙ ሁለት ጊዜ ነገረው፤ ሦስተኛ አልነገረውም፣ ለቀቀ። በስምንት ወር ውስጥ ከዚያ ግቢ የመጨረሻዎቹን ሦስት ፈረሶች የጫንኩት እኔ ነኝ። ሰውየው በር ላይ ቆሞ ነበር። "ምን አጠፋሁ?" አለኝ። ምን ልበለው? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አይባልም በእንግሊዝኛ። የመኪናዬን በር ዘጋሁና "ጌታዬ፣ ድንጋዩ ቆንጆ ነው" አልኩት። እስካሁን ያሳፍረኛል።

ወረቀት ላይ አልቆይም፤ ጠበቃ የሚከፈለው ለዚህ ነው። ሦስት ነገር ብቻ በጣትህ ንካለት። አንደኛ፣ ዋናው ቤትም ሆነ የሠራተኞቹ ቤቶች በፈረስ ሥራ ለተሰማራ ሰው ብቻ የተፈቀዱ እንዳይሆኑ፤ በገጠር ብዙ ቤት እንዲህ ባለ ግዴታ ይታሰራል፣ አንተ ተኝተህበት ሕገ ወጥ ትሆናለህ። ባይሳካ አፓርታማ አደርገዋለሁ የሚለውንም ሐሳብ እንዳትመካበት፤ ኒውማርኬት አካባቢ እንኳ የማሠልጠኛ ግቢ ወደ መኖሪያ እንዳይለወጥ የአካባቢው ምክር ቤት በፕላን መመሪያ ይጠብቀዋል። ሁለተኛ፣ ካርታው ላይ የሕዝብ እግረኛ መንገድ አለ። እኔ አይቼዋለሁ፤ መጋለቢያውን አቋርጦ ያልፋል። መዝጋት አትችልም። ሦስተኛው የቴምብር ቀረጡ ነው። ግዢው መኖሪያና ንግድ ቅይጥ ነው ከተባለ ላይኛው እርከን 5 በመቶ ነው፤ መኖሪያ ብቻ ነው ከተባለ ግን እስከ 12 በመቶ ይሄዳል፣ እንዳንተ ሌላ ቤት ላለው ሰው ደግሞ 5 በመቶ ይታከልበታል። ግብር ሰብሳቢው በዚህ ላይ መሟገት ይወዳል። የደላላውን ቃል ይዘህ እንዳትሄድ።

በሽታም አለ። የፈረስ ጉንፋን በየካቲት 2019 በብሪታንያ እሽቅድምድምን በሙሉ ለስድስት ቀን አስቁሞ ነበር፤ እኔ መኪናዬን አጥቤ ቤቴ ተቀምጬ ነበር፣ ባለ ግቢዎቹ ግን ደመወዝ ይከፍሉ ነበር። አዲስ የመጣ ፈረስ ተለይቶ የሚቆይበት፣ ከሌሎቹ የራቀ ጋጣ መኖሩን እይ። ከሌለ ጉሮሮ የሚያሳብጥ በሽታ የያዘው አንድ ፈረስ 60ውን ያስራል።

እንግዲህ ምን ላድርግ በለኝ። ፈረስ ከወደድክ፣ የምትወደውም ፈረሱን እንጂ በሩ ላይ የሚጻፈውን ስምህን ካልሆነ፣ እዚህ አገር የፈረስ እቁብ የሚመስል ነገር አለ። ሰዎች ተሰባስበው አንድ ፈረስ ይገዛሉ፣ የማሠልጠኛውን ወጪ ይካፈላሉ፣ ሲያሸንፍ አብረው ይጮኻሉ። አንድ ድርሻ ያዝ። ሁለት ዓመት በየሳምንቱ ጠዋት ሄደህ አሠልጣኙን፣ ፈረስ ጠባቂዎቹን፣ ጫማ መቺውን፣ ሐኪሙን ተዋወቅ። ከነሱ መሃል አንዱ፣ ወጣት፣ ፈቃዱን ሊያወጣ የተዘጋጀ፣ ግን ግቢ የሌለው ታገኛለህ፤ ሁልጊዜም አለ። ያኔ ለሱ 15 ጋጣ ተከራይለት። ሠራተኛ ማደሪያ መኖሩን አትርሳ፤ ዛሬ እዚህ ፈረስ የሚጋልቡት ብዙዎቹ ከህንድና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ልጆች ናቸው፣ ማደሪያ ከሌለ አይመጡም፣ እነሱ ካልመጡ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ፈረሱን የሚያወጣው የለም። 15ቱ ሲሞሉና ሰው ወረፋ ሲጠብቅ፣ ግቢ መግዛት ምን እንደሆነ ያኔ እንነጋገራለን። የሚሸጥ ግቢ አይጠፋም፤ በሃያ ሁለት ዓመቴ ጠፍቶ አያውቅም።

አሁንም ያንን ሥዕል እያየህ እንደሆነ አውቃለሁ። ደህና፤ ደላላውን ቅዳሜ ጠዋት በ4 ሰዓት በኛ አቆጣጠር ቅጠረው። እኔና አንተ ግን 11 ሰዓት ከሌሊቱ እዚያ እንሁን፣ በዚያ በእግረኛው መንገድ። ማንም አይከለክለንም፣ ሕግ ነው። የመጀመሪያዎቹ ፈረሶች ሲወጡ ከአጥሩ አጠገብ ቆመን እናያለን፤ አንተ ፈረሶቹን እይ፣ እኔ ልጆቹን አያለሁ። ጫማህን ቦቲ አድርግ፣ ሣሩ ጤዛ ነው። ሻዩን በፐርሙዝ እኔ እይዛለሁ።